ከማስታረቃችን በፊት ለብቻዋ እንስማት

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ መውረጃው ቦይ ጽፈን ነበር። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁ አስተያየት ሰጥታችሁናል፤ አንዳንዶቻችሁም አካፋ ይዛችሁ ወጥታችኋል፤ እናመሰግናለን። የዛሬው ጉዳያችን ከቦይ ይከብዳል። ባሏ ደብድቧት ለምክር ወደ እኛ ስለምትመጣዋ ሴት ነው። ባሎች ለምን እንደሚማቱ ዛሬ አንጽፍም፤ እሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የዛሬው ጥያቄያችን እሷ በራችንን ስታንኳኳ እኛ ምን እናደርጋለን የሚል ነው።

«እኛ» ስንል የማኅበሩን የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ አባላት፣ በእድሩ ለሽምግልና የሚጠሩትን አባቶች፣ እንደዚሁም ቤታቸው ቡና ሲፈላ ሰው ችግሩን የሚያጫውታቸውን እናቶች ማለታችን ነው። ማናችንም በትምህርት ቤት አማካሪነት አልተማርንም። የሾመን ዕድሜያችንና የጎረቤት አክብሮት ነው። ሆኖም ከሐኪምም ከፖሊስም በፊት የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ይህንን የምንለው ራሳችንን ለማስኮፈስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደተገኘው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ካሉና ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ከመቶው 66ቱ ለማንም ሳይናገሩ፣ ከማንም እርዳታ ሳይጠይቁ ቀርተዋል። እርዳታ ከጠየቁትም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተ ዘመድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙዎቹ አፋቸውን ዘግተው በሚኖሩበት አገር አንዲቱ ቆርጣ አፏን የከፈተችው በእኛ ደጃፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው መልሳችን የተበላሸ እንደሆነ ሁለተኛ አትመጣም።

የእኛ መልስ ተበላሽቶ ያውቃል። እንናገረው።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ጎረቤታችን እሑድ የእድር ስብሰባ ከተበተነ በኋላ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ከእኛ አንዷን አነጋገረቻት። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጠናል፤ እሷም ይህ ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት ተነቦላት ፈቅዳልናለች። አሁን የምትኖረው በሌላ ሰፈር ነው።) ባሏ እንደሚመታት፣ አሁን አሁን እየባሰበት እንደሄደ ነገረቻት። እኛም የለመድነውን አደረግን። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንዱ ወደ ባልየው ሄዶ «ሚስትህ እንዲህ እንዲህ ብላ ነግራናለች፤ እስቲ ቅዳሜ እንገናኝ» አለው። ቅዳሜ ሁለቱንም በእድሩ ቤት ጎን ለጎን አስቀምጠን «በይ ተናገሪ፤ ምንድን ነው ያጣላችሁ?» አልናት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የኔም አለበት» አለች። «እንዲህ ነው እንጂ ጨዋነት!» አልን። እሱን ትንሽ ገሠጽነው፤ እሷን «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው፤ ምላስሽንም ሰብሰብ አድርጊ» አልናት። እሱ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ ቡና ተጠጣ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለ ተሳቀ። የዚያን ዕለት ማታ አንድ ትዳር አዳንን ብለን ደስ ብሎን ነው የገባነው።

በአራተኛው ሌሊት እጇ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች።

እሷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገረችን። በዚያ ቅዳሜ እኛ «ተናገሪ» ስንላት እሱ ከጎኗ ተቀምጦ በጣት ቀለበቱ የወንበሩን እንጨት ቀስ እያደረገ ያንኳኳ ነበር። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ሰው ጭንቅ ሲለው የሚያደርገው ነው ብለን አልፈነዋል። በእነሱ ቤት ግን ከዱላ በፊት ሁልጊዜ የሚመጣው ያ ድምፅ ነው። እኛ አምስት ሰዎች ተቀምጠን እያየን በፊታችን አስፈራራት፤ አንዳችንም አልገባንም። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ውስጥ ያለን ሰዎች ወንበር ሲንኳኳ እንደነግጣለን።

ከዚህ በመነሣት የደረስንበትን አሳብ ለነዋሪው እናቀርባለን። ጠብና ድብደባ አንድ አይደሉም። በአስቤዛ፣ በአማት፣ በልጅ አስተዳደግ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት አሉ፤ ሁለቱም አፍ አላቸው፣ ሁለቱም ይቆጣሉ፣ አንዱ አንዱን አይፈራም። እነዚህን አብሮ አስቀምጦ ማስታረቅ የአባቶቻችን ጥሩ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ቤት ግን ለእርቅ ጉባኤ አይሆንም። የምትፈራዋ ሴት በሚፈራው ሰው ፊት እውነቱን አትናገርም፤ የተናገረች እንደሆነ ሒሳቡን ማታ የምትከፍለው እሷ ናት። ስለዚህ ኮሚቴያችን ከእንግዲህ ድብደባ ያለበትን ጉዳይ ሁለቱን አብሮ በማስቀመጥ አይመለከትም። መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ እንሰማለን። እሷ ሳትፈቅድም ማንም ወደ ባልየው ሄዶ «ነግራናለች» አይልም። ይህንን በእድሩ መተዳደሪያ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን።

«ትዳር ልታፈርሱ ነው» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ከአሁኑም ሰምተናል፤ አንድ የምናከብራቸው አባት «እናንተ ልጆች ጨዋ ቤት ልትበትኑ ነው» ብለው ገሥጸውናል። (ልጆች ማለታቸው ነው እንግዲህ፤ ከመካከላችን ትንሿ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው።) ለእሳቸውም ለሌሎችም የምንለው፣ እኛ ለማንም «ፍቺ» አንልም። «ተመለሺ»ም አንልም። ሁለቱም የእሷ ውሳኔ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የምታድረው እሷ እንጂ እኛ አይደለንም። ደግሞም ትዳሩን ያፈረሰው ዱላው ነው ወይስ ዱላውን የሰማው ጆሮ? እናንተው ፍረዱ።

ለነገሩ ሕጉም ቢሆን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህንን ሥልጣን ከሽማግሌ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ሽማግሌ የሚገባው ተጋቢዎቹ ራሳቸው ሲመርጡት ለማስማማት ብቻ ነው። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለትም ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ወዲያውኑ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ብዙ ሴቶች «ከወጣሁ ልጆቼን ይወስዳቸዋል፤ ባዶ እጄን እቀራለሁ» ብለው የሚቀመጡት ይህንን ባለማወቅ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስን የአካል ጉዳት ወንጀል ነው ብሎ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «የቤት ገበና ነው» የሚለው አባባል ለምግብ ማነስ ይሁን እንጂ ለተሰበረ እጅ አይሠራም። ከሳሿን «ክሱን አንሺ፤ ሽማግሌ ገብቶበታል» ብሎ ማስጨነቅም ለእኛ የተገባ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ለብቻዋ እንስማት ስንል እንዴት? ብዙ ያጠፋነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እናስፋው።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሁልጊዜ «ምን አድርገሽው ነው?» ነበር። ክፉ አስበን አይደለም፤ የለመደ አፍ ነው። ሴትዮዋ ግን የምትሰማው «ጥፋቱ ያንቺ ነው» የሚለውን ነው። ይህንን እሱ በየቀኑ ይነግራታል፤ ከእኛ መስማት አያስፈልጋትም። በቀደም በተጠቀሰው ጥናት፣ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባበት ምክንያት አለ ብለው ያመኑት ከሴቶች ከመቶው 63፣ ከወንዶች ከመቶው 28 ነበሩ። እኛ ሴቶቹ ከወንዶቹ በለጥን ማለት ነው! ወጥ ስላረረ፣ ሳትነግረው ስለወጣች። እንግዲህ የተደበደበችዋ ራሷ እንደሚገባት አምና ልትመጣ ትችላለች። የሚሻለው «ነይ ተቀመጪ፤ እሰማሻለሁ» ብሎ ዝም ማለት ነው። እንባው ይውጣ። ከዚያ «ሰው ሰውን ሊመታ አይገባም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ስለነገርሽኝ ደግ አድርገሻል» ማለት። ይህቺ አጭር ቃል እንዴት እንደምትሠራ በዓይናችን አይተናል። ከዚያም «ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ። «ምንም፤ እንዲሁ ለሰው ልንገር ብዬ ነው» ካለችም መልካም፤ ሰምተን እንሸኛት። በራችን ክፍት መሆኑን አውቃ ትሂድ።

ቀጥሎ ስለ አደጋው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ድብደባ ወደ ሞት አይሄድም፤ የሚሄደው ግን ምልክት አለው። በአሜሪካን አገር ዣክሊን ካምቤል የተባሉ የነርስነት ሙያ ተመራማሪ በባሎቻቸው የተገደሉ ሴቶችን ታሪክ መርምረው የአደጋ መመዘኛ ጥያቄዎችን ካዘጋጁ ወደ አርባ ዓመት ሆኖታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «አንቆሽ ያውቃል ወይ?» የሚል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት እንደታየው፣ ከዚህ ቀደም በባሏ የታነቀች ሴት ኋላ የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው በሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እኛ ይህንን ሳናውቅ በፊት መታነቅን ከጥፊ በታች እንቆጥረው ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ምንም አይታይም። ድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃት፣ ራስን መሳት ካለ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ነውና ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሌሎቹም ጥያቄዎች በጨዋታ መካከል ቀስ ተብለው ይጠየቃሉ። ጩቤ ወይም ሽጉጥ አውጥቶብሽ ያውቃል? እገልሻለሁ ብሎሻል? እርጉዝ ሳለሽ መትቶሻል? የምትሄጅበትን እየተከታተለ፣ ስልክሽን እየበረበረ ያስጨንቅሻል? ከመቼ ወዲህ ነው የባሰበት? ራስሽ እንደሚገድልሽ ትፈሪያለሽ? ለመጨረሻው «አዎ» ካለች እመኗት። «እሱ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይደለም» አትበሏት። እኛ የምናውቀው በእድር ቤት ሲስቅ ነው፤ እሷ የምታውቀው በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንገሥጽ። አንዳንዶቻችን፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ነገሩን እንደሰማን ደማችን ፈልቶ «ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ! ምን ትጠብቂያለሽ?» እንላለን። ቅንነት ነው፤ ግን አደገኛ ቅንነት ነው። ለሴቲቱ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ልትወጣ ስትነሣና ከወጣች በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ሊቆጣጠራት የሚፈልግ ሰው ከእጁ ስታመልጥ ነው የሚብስበት። ስለዚህ መውጣት ከሆነ ሐሳቧ ተዘጋጅታ ነው መውጣት ያለባት። የት እንደምታድር፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ማን እንደሚሸኛት አስቀድሞ ይታሰብ። የነዋሪነት መታወቂያዋ፣ የጋብቻ ወረቀቷ፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ የመጓጓዣ ገንዘብ በሚታመን ሰው ዘንድ ይቀመጥ። በስልኳ ላይ «እንዴት ሆንሽ? ወሰንሽ?» የሚል መልእክት አትጻፉላት፤ ማን እንደሚያነበው አታውቁም።

ተመልሳ ብትገባስ? ትገባለች፤ ብዙዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ወጥተው ይመለሳሉ። ገንዘቡ በእሱ እጅ ነው፣ የቀበሌው ቤት በእሱ ስም ነው፣ ልጆቹ «አባዬ» እያሉ ያለቅሳሉ፤ እሱም ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ይለምናል። ከእኛ መካከል አንዲት እናት ሦስተኛ ጊዜ የተመለሰችን ሴት «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ፤ ሰለቸሽኝ» ብለው ነበር። አሁን ይጸጸታሉ። የእኛ መሰልቸት እሱ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይተባበራል፤ እሱም የሚፈልገው ብቻዋን እንድትቀር ነው።

ስለ ምስጢር ደግመን እንናገር፤ ምክንያቱም የዚህ ሰፈር ትልቁ ድካም እዚህ ነው። ጠዋት በእንባ የተነገረ ነገር ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ቡና ላይ ይደርሳል፤ ማታ ባልየው ጆሮ ይገባል። «ለማንም አትንገሪ፤ ላንቺ ብቻ ነው» እየተባለ ነው የሚሄደው። የማትችሉ ከሆነ አትስሙ። በእውነት ነው የምንለው፤ «እኔ አፌ አይያዝም፤ እገሊት ጋ ሂጂ» ማለት ትልቅ ሰውነት ነው።

ይህ ሰሌዳ የቆመው በአደባባይ ነው፤ ባሎችም፣ የሚማቱትም ጭምር፣ ያነቡታል። ስለዚህ የተሸሸገ ነገር እዚህ አንጽፍም፤ ለምሳሌ ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የተስማማነውን ምልክት። የሚታወቀውን ግን እንናገር። ተጎድታ የመጣችን ሴት በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል፤ ቁስሉ ይታከማል፣ የሐኪም ማስረጃም ይጻፋል፤ ሰንበሩ ከጠፋ ወዲያ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። አስገድዶ መድፈር ካለበት ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕጉን ነገር በአንድ ላይ የሚያይ ክፍል አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ በከተማችን ማደሪያ ለሌላቸው ተጠቂዎች መጠለያ አቋቁሟል። መጠለያው የት እንደሆነ አይነገርም፤ አትጠይቁን፤ አለመታወቁ ነው ጥበቃው።

ባል የሚደበደብበት ቤትስ የለም ወይ የምትሉ፣ አለ፤ ሐፍረቱም ይከብደዋል። እሱም ቢመጣ በዚሁ ጆሮ ይሰማል።

የቀረችን አንዲት ነገር የእድራችን ናት፤ ይህቺ ከሁሉም ይልቅ በእጃችን ላይ ያለች ናት። በእድራችን መዝገብ ላይ አባሉ ባል ነው፤ ሚስት የምትቆጠረው በእሱ ስም ሥር ነው። ሴትዮዋ ከቤት የወጣች ቀን ከእድሩም ትወጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው እንጀራ ጋግራ፣ ድንኳን አሰናድታ፣ ወጥ ሠርታ እናቷ ቢሞቱባት የሚቀብርላት እድር የላትም! ያቺ እጇ የተሰበረው ጎረቤታችን ተመልሳ የገባችበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደነበረ ስትነግረን አፈርን። «እናቴ አሮጊት ናቸው፤ ማን ያነሣልኛል ብዬ ነው» አለችን። እኛ ሽማግሌ ልከን ካስጨነቅናት ይልቅ አንድ መስመር በመዝገብ ላይ ብንጽፍላት ይረዳት ነበር።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት አሳብ ለድምፅ እናቀርባለን። አንደኛው፣ ከላይ እንደተባለው፣ ድብደባ ያለበት ጉዳይ በጋራ ሽምግልና እንዳይታይ። ሁለተኛው፣ ሚስት በራሷ ስም እንድትመዘገብ፣ ከባሏ ብትለይም የቆየችበት ዘመን ተቆጥሮላት አዲስ መግቢያ ሳትከፍል ወርሃዊ መዋጮዋን ብቻ እየከፈለች እንድትቀጥል። ገንዘብ ያዣችን ይህ ሒሳቡን ያበላሻል ይላሉ፤ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ያስረዱ፤ እኛም የራሳችንን ስሌት ይዘን እንመጣለን። የእድሩ ዳኛ አጀንዳው እንዲያዝ ፈቅደዋል። ስብሰባው የወሩ መጨረሻ እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። ሚስቶችም ይምጡ፤ «ባሌ አባል ነው፤ እሱ ይሄዳል» አትበሉ።

በስብሰባ ላይ መናገር የማትችል እህት ካለች ለመስማት የተመደቡ ሁለት እናቶች አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጻፍነውም፤ በሴቶች እቁብ ቀን በቃል ይነገራል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ